ፈረቃ እየገባን ልጅ ማሳደግ፦ ከደብረ ብርሃን

ደሞዝ ትንሽ ሲሆን ሰው ሁሉ የሚመክረው ስለ ብር ነው። ቆጥቡ፣ እቁብ ግቡ፣ ዱቤ ተዉ ይባላል። ምክሩ ልክ ነው፣ እኔም ወደ ኋላ እመጣበታለሁ። ግን እኔ ባየሁት ሥራ የሚውሉ ድሃ ወላጆች ቤት ከብር በፊት የሚያልቀው ሰዓት ነው። ልጁን አንድም ትልቅ ሰው ሳያየው የሚያልፍ ሰዓት አለ። ቃጠሎው፣ መውደቁ፣ ከትምህርት ቤት መቅረቱ፣ ከዚያም የባሰው ነገር የሚመጣው በዚያ ሰዓት ነው። ስለዚህ ከሁሉ በፊት ሰዓቱን አብቃቁ እላለሁ።

እኔ የመንዝ ልጅ ነኝ። አሁን ደብረ ብርሃን ልብስ ስፌት ፋብሪካ ውስጥ እሠራለሁ። ባለቤቴ ግንባታ ላይ የቀን ሠራተኛ ነው። ሥራ ሲኖር ይወጣል፣ ሲጠፋ ቤት ይውላል። ሦስት ልጆች አሉን። ትልቋ ስድስተኛ ክፍል ናት፣ መካከለኛው አንደኛ ክፍል ነው፣ ትንሹ እግር ካወጣ ገና መቆየቱ አይደለም። የምጽፈውም እንደኛ ለሚኖሩ ነው። ጠዋት በጨለማ ሰርቪስ ለሚጠብቁ፣ አንድ ክፍል ቤት ለተከራዩ፣ እናታቸው አገር ቤት ለቀረችባቸው።

ባዶውን ሰዓት ፈልጉ

ከደብተር አንድ ገጽ ቅደዱ። ከላይ የልጆቻችሁን ስም ጻፉ። በጎን ከንጋቱ 11 ሰዓት እስከ ማታ 3 ሰዓት ድረስ ሰዓቱን ደርድሩ። ከዚያ በየሰዓቱ አጠገቡ ያለው ትልቅ ሰው ማን እንደሆነ ለእያንዳንዱ ልጅ ሙሉ። "ቤት ነው" ብላችሁ አትለፉት። ከማን ጋር ነው? "ከእህቱ ጋር" ከሆነ መልሱ፣ እህትየውም ራሷ ልጅ ከሆነች፣ ባዶ ነው ብላችሁ ቁጠሩት።

ሠርታችሁ ስታዩት ባዶው ቀኑን ሙሉ እንዳልሆነ ትረዳላችሁ። ብዙ ጊዜ ሁለት ቦታ ላይ ይከማቻል። አንዱ ጠዋት ሰርቪስ ከሄደ በኋላ ትምህርት ቤት እስኪገባ ያለው ነው። ሌላው የጠዋት ፈረቃ የሚማር ልጅ ቀትር ላይ ተለቆ እኛ ማምሻውን እስክንደርስ ያለው ነው። ይህን ማወቅ ነገሩን ያቀለዋል። ቀኑን ሙሉ ልጅ የሚይዝ ሰው መቅጠር ለእኛ ዓይነቱ አይታሰብም። ለተወሰነ ሰዓት ግን ሰው ይገኛል።

መጀመሪያ ባልና ሚስት ተነጋገሩ። ሁለታችሁም በአንድ ፈረቃ የምትገቡ ከሆነ አንዳችሁ ለመቀየር ሞክሩ። አለቃ ጋ ሄዶ "ልጅ አለኝ" ማለት ብቻውን ብዙ አያራምድም፤ እዚያ ያለው ሠራተኛ አብዛኛው ልጅ አለው። ፈረቃ ሊለዋወጣችሁ የተስማማ ባልደረባ አግኝታችሁ፣ ሁለታችሁም ፈርማችሁ ወረቀቱን ይዛችሁ ሂዱ። ሱፐርቫይዘር የሚፈራው ላይኑ፣ ማለትም ተራ ይዞ የሚሠራው ቡድን፣ ሰው እንዳይጎድልበት ነው። የሚተካ ሰው ይዛችሁ ከሄዳችሁ እሺ ለማለት ይቀለዋል።

አባቶች፣ ይህ እናንተንም ይመለከታል። ባለቤቴ ሥራ ባጣበት ቀን ልጆቹን ይዞ ይውላል። ገንፎ ያገነፋል፣ የሕፃን ጨርቅ ያጥባል። ጎረቤት መጀመሪያ አወራ፣ ከዚያ ለመደው። ልጁ አባቱን ማወቁ ደግሞ በብር የማይገኝ ነገር ነው።

ከጎረቤት ጋር ስትስማሙ

በእኛ ግቢ ስድስት ሰባት ቤተሰብ ተከራይቶ ይኖራል። የሌሊት ፈረቃ የምትገባ አለች፣ ጉልት ላይ ሽንኩርት የምትቸረችር አለች፣ ልጆቻቸውን አሳድገው የጨረሱ እማማ አሉ። እንዲህ ያለ ግቢ ካላችሁ ግማሹ ነገር ተሟልቷል። ብዙ ሰው ግን በይሉኝታ ብቻ ይጀምረዋል። "ለትንሽ ጊዜ እዪልኝ" ተብሎ ይገባበታል፣ ማን ምን እንደሚያደርግ ሳይነገር ይቀጥላል፣ በመጨረሻ ይኳረፋል። ስለዚህ ቁጭ ብላችሁ በግልጽ ተነጋገሩ። እኔ ለእማማ ያልኳቸው ይህን ነበር፦

"እማማ፣ ልጄን ከቀትር እስከ ማምሻ እርስዎ ጋ ላውለው ነው የምፈልገው። ምሳውን እኔ ቋጥሬ እሰጥዎታለሁ። በወር አቅሜ ይህን ያህል ነው። ደሞዝ በገባ ቀን አመጣልዎታለሁ። ከእኔና ከአባቱ በቀር ለማንም እንዳይሰጡብኝ። ቢታመም አባቱ ጋ ያስደውሉልኝ።"

እሳቸውም የራሳቸውን አሉ። የጽዋ ማኅበር ባለባቸው ቀን እንደማይችሉ ነገሩኝ። ያንን ቀን ሌላዋ ጎረቤቴ ትሸፍናለች። ክፍያውን ከሁሉም በፊት ስጡ። ከኪራይም ከእህልም በፊት። መጠኑ ትንሽ ቢሆንም ቀኑን ሳያሳልፍ ሲመጣ ሰው አክብሮ ይይዛችኋል።

ልጁ የሚውልበትን ቤት ግቡና እዩት። ምድጃው መሬት ላይ ነው ወይስ ከፍ ብሎ? የውኃው በርሜል ክዳን አለው? በረኪናና ጋዝ የት ነው የሚቀመጠው? ቤቱ ውስጥ ማን ይገባል፣ ማን ያድራል? ይህን መጠየቅ ነውር አይደለም። በትሕትና ከተጠየቀ ማንም አይቀየምም። የሌሊት ፈረቃ ሠርታ የገባች ሴት ዘንድ ደግሞ እግር ያወጣ ሕፃን አታውሉ። መተኛት አለባት፤ በተኛችበት ልጁ በር ከፍቶ ይወጣል። እሷ ትልልቆቹን ትምህርት ቤት ማድረስ ትችላለች፣ ያ ይበቃል።

ማታ ልጁን ስታጥቡት ገላውን እዩ። ምን በላህ? ማን መጣ? ከማን ጋር ተጫወትክ? በሉት፣ እየተጫወታችሁ። ይወደው የነበረ ቤት ድንገት አልሄድም ካለ አታስገድዱት፣ አትቆጡትም። ምክንያቱን እስክታውቁ ሌላ ቦታ ይዋል።

ልጁን አገር ቤት አያቱ ጋ መላክም አለ። ብዙዎቻችን አድርገነዋል፣ የምናደርገውም ወደን አይደለም። እኔ ግን ከተቻለ ልጁን ከመላክ አያቱን ማምጣት እመርጣለሁ። አዝመራ ሳይደርስ ለጥቂት ወር መጥታ የከበደውን ጊዜ ብታሳልፍላችሁ ትልቅ ነገር ነው። የሚጠባ ልጅ ግን ከእናቱ አይለይ።

አራስ ለሆነች

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሚለውን ዕወቁት። ከመውለድ በፊት 30 ተከታታይ ቀን፣ ከወለዱ በኋላ 90 ተከታታይ ቀን፣ ከነደሞዙ። ለአባትም 3 ተከታታይ ቀን ከሙሉ ደሞዝ ጋር አለው። ነፍሰ ጡር ከማታ 4 ሰዓት እስከ ንጋት 12 ሰዓት የሌሊት ሥራ አትመደብም፣ ኦቨርታይምም አትታዘዝም። ለእርግዝና ምርመራ የምትሄድበት ፈቃድም ደሞዝ አይቆረጥበትም፣ የሐኪም ወረቀት ማምጣት ብቻ ነው ያለባት። "እኛ ጋ እንዲህ አይሠራም" የሚል ቢመጣ የአዋጁን ቁጥር ጥሩ።

90 ቀኑ ሲያልቅ ልጁ ገና ሦስት ወሩ ነው። እስከ ስድስት ወር ደግሞ ከጡት ወተት ሌላ፣ ውኃ እንኳ፣ አያስፈልገውም። መካከል ላይ ያሉት ሦስት ወራት ናቸው የሚያስጨንቁት። ብዙ እናቶች ያኔ የላም ወተት በውኃ አቅጥነው በጡጦ ይጀምራሉ። ተቅማጡም ያኔ ይጀምራል። ከዚያ ይልቅ ወተታችሁን አልባችሁ ትታችሁ ሂዱ። ያልለመደው ሰው ይደነግጣል፣ ግን እጅ እንጂ ሌላ ዕቃ አይጠይቅም።

አፉ ሰፋ ያለ ኩባያ ከነክዳኑ አጥባችሁ ቀቅሉት። እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ። ጡታችሁን በሞቀ ጨርቅ ያዝ አድርጉና በቀስታ እሹት። አውራ ጣታችሁን ከጫፉ ዙሪያ ካለው ጠቆር ያለ ቆዳ በላይ፣ ሌሎቹን ጣቶች ከሥር አድርጉ። መጀመሪያ ወደ ደረታችሁ ገፋ፣ ከዚያ ጣቶቹን ጨመቅ፣ ከዚያ ለቀቅ። ጫፉን አትጎትቱት፤ ያማል፣ ወተትም አያወጣም። መጀመሪያ ጠብታ ነው የሚመጣው። አትተዉት፣ ትንሽ ቆይቶ ይፈስሳል። በአንድ በኩል ሲቀንስ ጣታችሁን ዙሪያውን አዘዋውሩ፣ ከዚያ ወደ ሌላው ጡት እለፉ።

የታለበው ወተት ተከድኖ፣ ጥላና ቀዝቃዛ ቦታ ላይ ለ4 ሰዓት ያህል ይቆያል። ለመስጠት ሲፈለግ ኩባያውን የሞቀ ውኃ ያለበት ጎድጓዳ ሳህን ውስጥ ማስቀመጥ ነው፤ እሳት ላይ አይጣድም። በኩባያ ወይም በማንኪያ ይሰጠው። ጡጦ በደንብ ለማጽዳት ስለሚያስቸግር እኔ አልመክረውም። ከመውጣታችሁ በፊት ልጁን ጡት አጥቡት፣ እንደገባችሁም ወዲያው ጡት ስጡት፣ ሌሊቱን እንደፈለገ ይጥባ። ፋብሪካ ውስጥም በዕረፍት ሰዓት ንጹሕ ቦታ ፈልጋችሁ እለቡ። ማስቀመጫ ከሌለ ቢደፋ እንኳ ይሻላል። ካልታለበ ጡቱ ይደርቃል። ክሊኒክ ያለበት ፋብሪካ ከሆነ ነርሷን ቦታ ጠይቋት። የመንግሥት መሥሪያ ቤት የምትሠሩ ደግሞ የሕፃናት ማቆያ ካለ ጠይቁ፣ ከሌለም ተሰብስባችሁ እንዲከፈት ጠይቁ።

የሚበላው

እኛ የገብስ አገር ሰዎች ነን፣ ይህ በጣም ይጠቅመናል። ከተማ ገብተን ልጅ የፋብሪካ ብስኩትና ለስላሳ ካልሰጠነው ያሳደግነው የማይመስለን ጊዜ አለ። ለአንድ ብስኩት የሚወጣው ብር ስንት ሲኒ በሶ እንደሚገዛ አስቡት።

ስድስት ወር ለሞላው ልጅ የገንፎ ዱቄት እንዲህ ነው የማዘጋጀው። ሦስት እጅ ገብስ ወይም አጃ፣ አንድ እጅ ባቄላ። ገብሱ ይፈተጋል፣ ለስለስ ተደርጎ ይታመሳል። ባቄላው ይነከራል፣ ይላጣል፣ ደርቆ ይቆላል። ሽንብራም ይሆናል። ከዚያ አንድ ላይ ይፈጫል። ወፍጮ ቤት ስትሄዱ በርበሬ ከተፈጨበት ቀጥሎ እንዳይፈጭባችሁ ጠይቁ። ባለወፍጮው ይነግራችኋል፣ ካልሆነ ጤፍ ወይም ስንዴ የሚያስፈጭ ሰው እስኪያልፍ ጠብቁ። ገንፎው ሲገነፋ ማንኪያ ላይ የሚቆም ይሁን። ውኃ የሆነ አጥሚት ሆድ ይሞላል፣ ልጁን ግን አያሳድግም። ዘይት ወይም ቅቤ ጠብ ይደረግበት፣ ጨው አዮዲን ያለው ይሁን። ጎመን ደቅቆ ተከትፎ ቢገባበት፣ እንቁላል በተገኘበት ቀን ቢመታበት ሌላ ምን ይፈለጋል።

ስለ ጾም የሚያሳስበኝን ልናገር። ሕፃን አይጾምም፣ ይህን ሁላችንም እናውቃለን። ግን ሁዳዴ ሲገባ ብዙ ቤት እንቁላሉም ወተቱም ለሕፃኑ ጭምር ይቆማል። የጾም ዕቃ እንዳይነካካ ብለን ነው። ለልጁ አንዲት ትንሽ ድስት፣ አንድ ሳህን፣ አንድ ማንኪያ ለይታችሁ አስቀምጡለት። እሷን ብቻዋን እጠቡ፣ ብቻዋን አስቀምጡ። ለአብይ ጾም ብቻ ወደ ሁለት ወር ነው፤ ለአንድ ዓመት ልጅ ረጅም ጊዜ ነው። የምታጠቡም ካላችሁ የንስሐ አባታችሁን አማክሩ።

ለትምህርት ቤት በሶ ጥሩ ነው። ጠዋት በስኳር ወይም በጨው ተበጥብጦ ይጠጣል፣ ወይም ጭብጦ ተደርጎ ይቋጠራል። ቆሎ በኪስ ይያዛል፣ ግን ከ4 ዓመት በታች ላለ ልጅ ቆሎ አትስጡ። ያንቀዋል።

ሽሮ የተፈጨ ስትገዙ ተጠንቀቁ። ጓያ በአገራችን በብዛት ይዘራል፣ ርካሽም ነው፣ ሽሮ ውስጥም ይገባል። ለረጅም ጊዜ ዋና ምግብ ሲሆን እግር ያሽመደምዳል፣ ሽባነቱም አይመለስም። አተሩን ወይም ሽንብራውን በፍሬው ገዝታችሁ ራሳችሁ አስፈጩ። ትንሽ ድካም አለው፣ ግን የምትበሉትን ታውቃላችሁ።

ጤፍ ብቻውን የማይቻል ሆኗል። ከሸዋ ሮቢት በኩል የሚመጣ ማሽላ ወይም ገብስ ቀይጡበት። እህል በኪሎ ከሱቅ መግዛት ነው ድሃን የሚያደኸየው። አራት አምስት ሆናችሁ አዋጡና በአዲስ እህል ጊዜ፣ ታኅሣሥና ጥር ላይ፣ በኩንታል ገዝታችሁ ተካፈሉ።

ብሩ

እቁብ የምትገቡ ከሆነ ዕጣ የሚወጣበትን ወር አስቡበት። የኛ ቤት ሁለት ትልልቅ ወጪ አለው፦ ጥር ላይ እህል፣ ነሐሴና መስከረም ላይ ትምህርት ቤት። ዕጣው በሌላ ወር ከወጣልኝ በእነዚህ ወራት ከደረሰው ሰው ጋር እለዋወጣለሁ። የእቁቡን ዳኛ አስቀድማችሁ ከነገራችኋቸው ያስማሟችኋል። ብሩ ባልተፈለገበት ወር ከመጣ ይበተናል።

ዱቤ ሙሉ በሙሉ ተዉ አልልም፣ የማይቻል ነገር መምከር ነው። ግን የባለሱቁ ደብተር ብቻ አይሁን፣ እናንተም የራሳችሁን ጻፉ። ዘይት፣ ሳሙና፣ ጨው በዱቤ ይምጣ። ብስኩትና ለስላሳ በዱቤ አይወሰድ። ልጅ ደግሞ ለዱቤ አይላክ፤ ባለሱቅ ፊት ቆሞ የሚባለውን እሱ አይስማው።

ኦቨርታይም ሲባል ወዲያው እሺ ከማለት በፊት አስሉ። በአዋጁ መሠረት በሥራ ቀን ቀን ላይ የተሠራ ትርፍ ሰዓት በ1.5፣ ሌሊት በ1.75፣ በሳምንት ዕረፍት ቀን በ2፣ በሕዝብ በዓል በ2.5 ይባዛል። ፔሮል ሲመጣ ይህን ይዛችሁ አስሉ፣ ልዩነት ካለ በጽሑፍ ጠይቁ። ከዚያም ልጁን ለያዘላችሁ ሰው የምትጨምሩትን ቀንሱ። የሚተርፈው ትንሽ ከሆነ ልጃችሁ ጋ ብትገቡ ይሻላል። በጣም ከተረፈ ደግሞ ሥሩ፣ ማንም አይወቅሳችሁ።

ብርዱና እሳቱ

ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ነው። ከጥቅምት ጀምሮ ውርጭ ሲወርድ አንድ ክፍል የብሎኬት ቤት ውስጥ እንዴት እንደሚያድር የኖረበት ያውቀዋል። በዚያ ጊዜ ከሰል አቀጣጥሎ አስገብቶ በር ዘግቶ መተኛት ይለመዳል። እባካችሁ ይህን አታድርጉ። የከሰል ጢሱ አልቆ ቀይ ሆኖ ሲታይ አደጋው ያለፈ ይመስላል። ያኔም የሚወጣው አየር ይገድላል። አይሸትም፣ አይታይም፣ ተኝቶ ያለ ሰው አይነቃም። በከሰል ከተሞቃችሁ በር ገርበብ ይበል፣ ከመተኛታችሁ በፊት ምድጃው ከነአመዱ ይውጣ።

ልጆቹን አንድ ላይ አስተኙ። ፍራሹ ሲሚንቶ ላይ አይረፍ፣ ከሥሩ ካርቶን ወይም ደረቅ ሣር ይነጠፍ። የመንዝ ባና ያላችሁ ከላይ ጣሉት፣ እንደሱ የሚያሞቅ የለም። ካልሲና ኮፍያ አድርገው ይተኙ። የፈላ ጀበናና ድስት ሁልጊዜ ከልጅ ቁመት በላይ ይቀመጥ። ክፍሉ አንድ ስለሆነ ምድጃውን ጥግ አድርጋችሁ በብሎኬት ከልሉት።

ሲታመም

ክትባት በመንግሥት ጤና ጣቢያ በነፃ ነው። ሲወለድ፣ በ6፣ በ10ና በ14 ሳምንት፣ ከዚያ በ9 ወርና በ15 ወር። ቀኑን ከፈረቃችሁ ጋር አስተያይታችሁ አስቀድማችሁ ፈቃድ ጠይቁ። የማትችሉ ከሆነ አባትየው ይውሰደው።

ልጅ ተቅማጥ ሲይዘው ኦአርኤስ ቤት ውስጥ ይኑር። አንዱን ፓኬት ፈልቶ በቀዘቀዘ 1 ሊትር ውኃ በጥብጡ። ባለ አንድ ሊትር ሃይላንድ ልክ ይሆናል። በ24 ሰዓት ካላለቀ ይደፋ። ዚንክም ከጤና ጣቢያ ተቀበሉ። ቶሎ ቶሎ የሚተነፍስ፣ ሲተነፍስ ደረቱ ወደ ውስጥ የሚሰረጎድ፣ መጥባትም መጠጣትም ያቃተው፣ ያንቀጠቀጠው ልጅ ግን ደሞዝ አይጠበቅለትም። ሌሊትም ቢሆን ውሰዱት። ብድር የሚጠየቀው ለዚህ ነው።

ደሞዝተኛ ላልሆነ ቤተሰብ የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን አለ። ምዝገባው በዓመት አንዴ ነው፣ ብዙ ጊዜ ከመኸር በኋላ። መክፈል ለማይችሉ መንግሥት የሚከፍልበት አሠራርም አለው። ቀበሌ ጠይቁ፣ የከተማ ሴፍቲኔት መመዝገብ የምትችሉ እንደሆነም እዚያው ጠይቁ። ልጅ ሆስፒታል ሲተኛ ደግሞ ይህን አስታውሱ፦ አዋጁ ከባድ ችግር ለገጠመው ሠራተኛ እስከ 5 ተከታታይ ቀን ያለ ደሞዝ ፈቃድ ይሰጣል፣ በበጀት ዓመት ሁለት ጊዜ። ደሞዙ ይቀራል፣ ሥራው ግን አይሄድም። በማመልከቻ ጠይቁ፣ ቅጂውን ያዙ።

ትልቋ ልጅ

ድሃ ቤት ውስጥ ትልቋ ሴት ልጅ ሁለተኛ እናት ትሆናለች። ሳንፈልገው ነው የሚመጣው። ትንሽ ማገዟ ጥሩ ነው፣ እኛም እንዲህ ነው ያደግነው። ግን ልክ ይኑረው። በእኛ ቤት ከእራት በኋላ አንድ ሰዓት አላት። በዚያ ሰዓት ውኃ አምጪ፣ ሱቅ ሂጂ፣ ልጁን ያዢ አትባልም። አባቷም አይልካትም፣ እንግዳም ቢመጣ አትላክም። መብራት ከጠፋ በባትሪ ታነባለች። ለወንድሟ ጮክ ብላ እንድታነብ አደርጋለሁ፤ እሱ ፊደል ይለምዳል፣ እሷም ትደጋግማለች። ወንድሙም እያደገ ሲሄድ ሳህን ማጠብ የእሱም ሥራ ነው።

ትምህርት ቤት መዋልዋን ለማንም ችግር አትለውጡት። ሕፃኑን የሚይዝ ሰው ያጣችሁ ቀን ከእናንተ አንዳችሁ ቅሩ እንጂ እሷ አትቅር። አንድ ቀን ከቀረች ሁለተኛው ይከተላል።

ደላላም ይመጣል። ዘመድ መስሎ ይመጣል። "አዲስ አበባ ጥሩ ሰው ቤት አለ፣ ያስተምሯታል፣ ለእናንተም በየወሩ ይልካሉ" ይላል። እምቢ በሉ። ከ15 ዓመት በታች ያለ ልጅ መቅጠር በሕግ የተከለከለ ነው። ከሄደች በኋላ የት እንዳለች የምታውቁበት መንገድ የለም። የኪራይ ችግር ጊዜያዊ ነው፤ በሌላ መንገድ ይፈታል።

ልጆቹ "ለምን እኛ የለንም?" ሲሉ አትቆጡ። እኔ እውነቱን እነግራቸዋለሁ። ይህን ያህል ይገባል፣ ይህ ለኪራይ ነው፣ ይህ ለእህል። ጫማው መስከረም ላይ ይገዛል። ካልኩ ደግሞ እገዛለሁ። ለማልችለው ቀን አልቀጥርም። ከሥራ ስገባ ድስቱን ከማንሳቴ በፊት ትንሽ ቁጭ እላለሁ። ሦስቱም ይከቡኛል፣ ሁሉም በአንድ ላይ ያወራሉ። ድካም ላይ ልጅ መምታት ቀላል ነው፤ ይህች መቀመጥ ለእኔ ትልቅ ልጓም ሆናኛለች።

ወረቀቶች

ልጅ ሲወለድ በ90 ቀን ውስጥ ቀበሌ ወሳኝ ኩነት ሄዳችሁ አስመዝግቡ። የወለዳችሁበት ጤና ተቋም የሚሰጠውን ማስረጃና የሁለታችሁንም መታወቂያ ያዙ። አባት በእናት የወሊድ ፈቃድ ጊዜ ቢጨርሰው ይሻላል፣ ከዚያ በኋላ ቀን ማግኘት ይከብዳል። የልደት ምስክር ወረቀቱን፣ የክትባት ካርዱን፣ የትምህርት ቤት ካርዱን፣ የሥራ ውላችሁንና የፔሮል ወረቀቱን በአንድ ፌስታል አድርጋችሁ ጣሪያ በማያፈስበት ቦታ ስቀሉ። ምዝገባ ነሐሴ ላይ ሲጀመር እንዳትሯሯጡ ነው። ልጅ የምትይዝላችሁ ጎረቤትም የክትባት ካርዱ የት እንዳለ ትወቅ። ሲታመም ጤና ጣቢያ መጀመሪያ የሚጠየቀው እሱ ነው።